ክንድ ከስንዝር

ከድሬ ስነሳ ሙቀቱ ባንገቴ፣
ደንገጎን ስወጣ ብርዱ በደረቴ፣
ጭኔ ላይ ቦርሳዬ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ሜትር፣
ካባቴ የቀረኝ፣ ከምድር ባቡር።
«ሂድና ለካልን፣» ያለኝ አለቃዬ፣
«ቁጥሩን ብቻ አምጣ።» ይኸው ነው ሥራዬ።

በመኪና ግርግር፣ በስፌት ጩኸቱ፣
አንድ ልብስ ሰፊ አየኝ፣ ሜትሩ ባንገቱ፤
«ያንተስ ረዥም ነው! ለማን ልትሰፋ ነው?»
«ለመስጊዱ» አልኩት።
«እሱማ ወፍሯል፤ የድሮ ልኩን ተው!»

ጎዳናው ጠበበ፣ ሆነ አንድ ትከሻ፣
አህያ ሲመጣ በር ነው መሸሻ፤
ግራው አረንጓዴ፣ ቀኙ የሮዝ ቀለም፣
ከላይ የሰማይ ቅዳጅ፣ ከዚያ በቀር የለም።

ከዚያ ድንገት ነጭ።
ዓይን የሚያስጨፍን ነጭ።
የሚናራው አንገት፣ የደረጃው ጠርዝ፣ የጉልላቱ ግማሽ፣
ጥላው እንኳን ነጭ።

አው ቡሽራ ከደጁ ቁልፍ ይዘው ቆመዋል፣
ቁልፉ ከመዳፋቸው በአንድ ጣት ይረዝማል።
«የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ።
«የመርሻ» አልኳቸው፤
እንደሚያውቁት ሁሉ ነቀነቁ ራሳቸው።
ጫማዬን አወለቅሁ፤ ካልሲዬ ተቀዷል፤
«ግባ፣» አሉኝ ስቀው፣ «ድንጋይ ካልሲ መች ያያል!»

ከሚህራቡ እስከ በር ሜትሬን ዘረጋሁ፤
ስምንት ከአርባ ሆነ፤ ስደግመው ሌላ አገኘሁ።
ዓምዶቹን ለካሁ፤ አንዱ ካንዱ ይከሳል፣
ቅስቶቹን ለካሁ፤ አንዱ ካንዱ ይሰፋል፣
ጥጉ ዘጠና አይሞላ፣ ወለሉ ያዘነብላል፣
ውሃ ልኩን ሳስተኛው አረፋው ይሸሻል።
ሜትሬን ጥዬ ግን ዝም ብዬ ሳየው
ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ቃሉን እንደጠበቀ ሰው።

«ልጄ፣» አሉ አው ቡሽራ፣ «ያኔ ሜትር የለ፤
ግንበኛው በገዛ ክንዱ እየለካ ተከለ።
ግማሹን እንዳቆመ ሞት ጠራው ይላሉ፤
እኔ ካባቴ ሰማሁ፣ አባቴ ካባቱ፤ እንዲህ ነው ውሉ።
ልጁ ተረከበ፣ ገና አሥራ አራት ዓመቱ፤
ክንዱ አጭር ነበረ፣ በስንዝር፣ ካባቱ።
እዚህ ጋ ነው። ዳስሰው።»
እጄን ይዘው ግድግዳው ላይ ጣሉት፤
ዓይን የማያገኘው አንድ እጥፋት ነበረበት፣
ትንሽ፣ እንደ ትንፋሽ፣
ቤቱ ካባት ወደ ልጅ የዞረበት።

የኔ አባት ግን የባቡር ሰው ነበር።
በሐዲድና በሐዲድ መሐል ልክ አንድ ሜትር፣
ከድሬ እስከ ጅቡቲ ሳይጠብ፣ ሳይሰፋ፤
«ጣት ቢጎድል፣» ይለኝ ነበር፣ «ስንት ነፍስ ይጠፋ!»
በሩ መቃን ላይ አቁሞ ቁመቴን በጠመኔ እየጻፈ
በየልደቴ ዝም ይል ነበር፤
አጥሬ ቀረሁ እኔ። እሱም አለፈ።

«ደሞም፣» አሉ አው ቡሽራ፣ «ረመዳን ሳይገባ ኖራ እንቀባዋለን፣
ነጩን በነጭ ላይ እናለብሰዋለን፤
ስንት መቶ ዓመት! ጥፍር በጥፍር ወፍሮ
ክፍሉ ጠቧል ልጄ። ሰዉ ግን ከድሮ
ይበዛል እንጂ አላነሰም፤ ሁሉም ገብቶ ይሰግዳል።
እንዴት እንደሚበቃን፣ እሱ ያውቃል።»

ደብተሬን ገለጥሁ።
ለዚያች ለእጥፋቷ፣ ለትንፋሽ የምታህል፣
ቁጥር ፈለግሁላት፤ ሰረዝሁ፤ ጻፍሁ፤ ሰረዝሁ፤
በመጨረሻ፦ «ክንድ፣ ስንዝር ሲጎድል።»
አለቃዬ ይቆጣል። ይቆጣ።
አዛን ሊል ነው፤ ሰዎች መጡ፤ እኔ ወደ ደጅ ወጣሁ፤
ጫማዬን ስፈልግ
ሌላ ሰው አዙሮ፣ ለመውጫዬ እንዲመች አድርጎ አስቀምጦልኝ አገኘሁ።

«ስንት ወጣ?» አለኝ ያ ሰፊ፣ ስመለስ፤
ክርኔን አሳየሁት፣ ኖራ ደርቦ እንደ ልብስ።
አራግፎልኝ፣ እጅጌዬን ሳብ አድርጎ ለካና፣
«ይቺም አጥራሃለች፣» አለኝ፣ «ና፣ ነገ ና።»